ቤት ለእንቦሳ፦ የኪራይ ቤት ታሪክ ከአራዳ እስከ ፉሪ

ባለፈው ወር የማኅበራችን ቡና የተጠጣው እዚሁ ፉሪ ውስጥ አዲስ ክፍል በተከራየች አባላችን ዘንድ ነበር። ገና ደጃፉን ስንረግጥ ከመካከላችን አንዷ እንደ ልማዳችን «ቤት ለእንቦሳ!» አለች። ባለቤቷም «እንቦሳ እሰሩ» ማለት ሲገባት ሳቀችና «እንቦሳውን እንኳ አከራይዋ አይፈቅዱም፤ ዶሮም ከልክለዋል» አለችን። ሁላችንም ሳቅን። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ግን ጨዋታው ተለወጠ። ይህ ክፍል ለእርሷና ለሁለት ልጆቿ ስድስተኛቸው ነው። ከቀድሞው የወጣችው እንጀራ ጋግራ በመሸጧ ነበር። አከራይዋ «ምጣድሽ ቆጣሪዬን ጨረሰው» ብለው የሦስት ቀን ጊዜ ሰጧት። በምጣዱ ነበር ኪራዩን የምትከፍለው።

ከዚያ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ተከራዮች ነን፤ ከሦስት ጊዜ በታች ዕቃዋን በጋሪ ወይም በአይሱዙ የጫነች አልተገኘችም። እያንዳንዳችን ነገሩን የራሳችን የዕድል ጉዳይ አድርገን ስንቆጥረው ኖረናል፤ «ክፉ አከራይ ገጥሞኝ»፣ «ደላላ አታሎኝ» እያልን። በዚህ እትም ግን አንድ ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ለመመለስ ወሰንን፦ ተከራይ እንዲህ በቀላሉ የሚነሳበት ምክንያት ከየት መጣ? አረጋውያንን ጠየቅን፤ አዋጆችንም አነበብን። ያገኘነውን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እነሆ። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በሌላ ሰው መሬት ላይ የተሠራ ከተማ

«ኪራይ» የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። ዐረብኛው «ኪራእ» ይለዋል፤ ኦሮምኛው «ኪራ»፤ እኛ «ኪራይ»። ከነጋዴና ከቅፍለት ጋር የመጣ ቃል ነው። አዲስ አበባም እንደዚሁ የመንገደኛ ከተማ ሆና ነው የጀመረችው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት በወጨጫና በዚሁ በእኛው ፉሪ ተራራ አካባቢ ሰፍረው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ። በ1879 እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን «አዲስ አበባ» ካሉት በኋላ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ቦታ ተመሩ፤ ጭፍራቸውም ዙሪያቸውን ሰፈረ። «ሰፈር» የምንለው ቃል ከዚያው ከመስፈር የመጣ ነው። የሰፈረው ሰው ጎጆ ነበረው፤ መሬት ግን አልነበረውም። ጌታው ሲቆጡ ወይም ሲሻሩ ጎጆውም አብሮ ይነሣ ነበር።

በ1909 ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያውና የቀን ሠራተኛው በረከተ። በአራዳና በፒያሳ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና የየመኑ ዐረብ ከጉራጌው ነጋዴ ጋር ሱቅ ለሱቅ ተጎራበቱ። የዶርዜ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ ገቡ። ጎፋ ሰፈር፣ ወርጂ ሰፈርና ሱማሌ ተራ ዛሬም ድረስ ስማቸው ማን ከየት እንደመጣ ይናገራል። ለእነዚህ ሁሉ መኖሪያ የሆነው በባለ መሬቱ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ የተሠራው የጭቃ ክፍል ነው፦ አንድ በር፣ አንዳንዴ አንድ መስኮት፣ የጋራ ሽንት ቤት። ብቻዋን ከገጠር የመጣች ሴት በር ከመንገድ የሚከፈት ክፍል ከተከራየች ጠላ ወይም ጠጅ ሸጣ ትኖርበት ነበር። ክፍሉ መኝታዋም ሱቋም ነው። በዚህ ከምጣድ አከራያችን ዘመን ብዙ አንርቅም።

በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቋንቋ የሚናገሩ ተከራዮች ሲኖሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ ዘመዱ ሩቅ የሆነው ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ዕድር ከዚህ ጭንቀት የተወለደ የከተማ ሥራ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች የጀመሩት ነው፤ ዕቁብም እንደዚሁ የጎረቤትን እምነት ወደ ገንዘብ የለወጠ ነው። የእኛም ማኅበር ከዚሁ ዘር ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ተከራይ ቤት ባይኖረውም ማኅበር ሠርቷል።

ሕጉን ስናይ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤት ኪራይ ውል ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። የኪራዩን መጠን ግን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተወው። መሬቱ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ በተያዘበት ከተማ ስምምነት ማለት በአብዛኛው ባለ ቤቱ የተናገረውን መቀበል ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

ያ ሥርዓት በአንድ ቀን ተገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሆነ። ቤት ማከራየት የግል ሥራ መሆኑ ቀረ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዘው። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ለድኻው ቤት ቅናሹ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር።

አንዲት አረጋዊት አባላችን ያንን ክረምት እንዲህ ያስታውሱታል፦ «እናቴ ለአከራይዋ ቆማ ነበር የምታናግራቸው። ከዚያ ክረምት ወዲህ ቁጭ ብላ አናገረቻቸው።» ሌላዋ እናታችን ግን በዚያው ቀን የተወሰደባቸው ወገን ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሁለት ክፍል ትተውላቸው በኪራዩ ልጆች ያሳድጉ ነበር። ኪራይ ብቻ መተዳደሪያቸው ለነበሩ ሰዎች አዋጁ አበል ቢፈቅድም፣ አበሉ እንደ ቤቱ አልሆነላቸውም። ሁለቱም በማኅበራችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ታሪኩን የምንጽፈው ሁለቱንም እየሰማን ነው።

የቀበሌ ቤት ለብዙ እናቶች ትልቅ ነገር ሰጠ። የሚያስወጣቸው አልነበረም። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ በጥቂት ብሮች ቆየ። ዋጋው ግን ሌላ ነበር። በጥቂት ብር ኪራይ የሚታደስ ጣሪያ የለም፤ ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ። ከዚያ በላይ ደግሞ የቀበሌ ቤት በእጁ ላለው እንጂ ከኋላ ለሚመጣው አልሆነም። አዲስ የሚገባው ሰው የሚጠጋበት ስላጣ ሕዝቡ የራሱን መንገድ አበጀ፦ ደባል። የቀበሌ ቤት ያላት እናት አንዱን ጥግ በመጋረጃ ትከፍልና ለአንዲት ልጅ ታከራያለች። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ስሟም በቀበሌው መዝገብ የለም። ይህ «ስሟ በመዝገብ የለም» የሚለው ነገር በኋላ ብዙ ሴቶችን የጎዳ ጉዳይ ሆኗልና አንርሳው።

ዕጣው የወጣላትና ዕጣው ያመለጣት

በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መሥራት ጀመረች። በ1997 በተካሄደው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ደግሞ አዲስ ምዝገባ ተደረገ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉ በአገራችን የቤት ታሪክ ሴትን በስሟ ባለ ቤት ያደረገ ትልቅ እርምጃ ነው። ከእኛ መካከል በዚህ ዕጣ ጀሞ ላይ ቤት የደረሳት አለች።

ታዲያ እርሷ ዛሬ የምትኖረው የት ነው? ፉሪ፣ በኪራይ። የባንኩን ዕዳ ወር በወር ለመክፈል ጀሞ ያለውን ቤቷን አከራይታ ራሷ ከዚያ በሚያንስ ኪራይ እዚህ ሰርቪስ ቤት ተከራይታለች። በወረቀት አከራይ፣ በኑሮ ተከራይ ናት። እንዲህ ያሉ ባለ ዕጣዎች በየሰፈሩ ብዙ ናቸው።

በእነዚሁ ዓመታት የመሐል ከተማው አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ፈረሱ፤ ሰንጋ ተራ፣ ልደታ፣ ካዛንቺስ፣ በኋላም በ2016 ፒያሳ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይደርሰው ነበር። መጋረጃ ጀርባ የኖረችው ደባል ግን ስሟ በመዝገብ ስላልነበረ ምትክም ካሳም አልደረሳትም። ዕቃዋን ጭና ኪራይ ወደሚቀንስበት አቅጣጫ ሄደች፦ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ፉሪ።

ፉሪ

የዛሬዋን ፉሪ ያየ ሰው ቅርብ ጊዜ ድረስ እርሻ እንደነበረች ላያምን ይችላል። መሬቱን ያርሱ የነበሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ከተማው ሲገፋ ግማሹ መሬት ለፋብሪካና ለመንገድ ተወሰደ፤ ግማሹ ተሸጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ስሙን ከዚሁ ከፉሪና ከለቡ ወስዷል። የመጀመሪያው ባቡር ለአራዳ እንዳደረገው ሁሉ ይኸኛውም፣ ፋብሪካዎቹም፣ የአዲስ አበባ ኪራይ መናርም ተደምረው ሰው አመጡ። ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ የመጣው ሰው ከነባሩ ጋር በአንድ ግቢ ገባ። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዷ ሆነች።

በዚያው ዓመት ሕገወጥ ናቸው የተባሉ በጣም ብዙ ቤቶች በሸገር ከተማ ፈርሰዋል። «የጨረቃ ቤት» እንላቸዋለን፤ በሌሊት ስለሚሠሩ ነው። ስለ ባለ ቤቶቹ ብዙ ተብሏል። በእነዚያ ቤቶች ሰርቪስ ውስጥ ተከራይተው ስለነበሩት ግን የተናገረ ጥቂት ነው። ሁለት አባሎቻችን በአንድ ጠዋት ዕቃቸውን ከፍርስራሽ ለይተው አወጡ። ለወሩ የከፈሉት ኪራይም አልተመለሰም፤ አከራዮቹም ራሳቸው ሜዳ ላይ ነበሩና ማንን ይጠይቁ?

የፉሪ ግቢ ሕጎች በየትም አልተጻፉም፤ ሁላችንም ግን በቃላችን እናውቃቸዋለን። የግቢው በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል። እንግዳ አያድርም። ልብስ የሚታጠበው ውኃ በመጣበት ቀን ነው። ካውያና ምጣድ ክልክል ነው። «ልጅ አለሽ?» ይባላል፤ «ስንት?» ይባላል፤ «አባታቸውስ?» ይባላል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎቻችን ቤት አጥተናል። የባል ስም ለመጥራት ወንድሟን ይዛ የሄደች አለች።

አከራዮቻችንን ክፉዎች ብለን ለመጨረስ ግን አንችልም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እርሻቸው ሄዶ የቀራቸው ግቢና ሦስት ክፍል ብቻ የሆነ፣ የኑሮ ውድነቱ እንደ እኛው የሚያስጨንቃቸው ናቸው። አንድ ቆጣሪ ለስድስት ቤት ሲሠራ ሒሳቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ አያውቁትም። ምጣድ ክልክል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው። ማኅበራችን ውስጥ አከራይ የሆኑ እህቶች አሉ፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ «እኛን ደግሞ ስሙን» ብለው አከራከሩን። ትክክል ናቸው።

ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1915 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የሆነውን ማንበባችን አጽናንቶናል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው፤ ባሎች ዘምተዋል። ለመርከብና ለጥይት ፋብሪካ ሥራ ብዙ ሰው ከተማዋ ስለገባ አከራዮች ኪራይ ጨመሩ። ሜሪ ባርበር የምትባል ሴት የሰፈሯን ሴቶች አደራጀች። ጭማሪውን አንከፍልም አሉ፤ የድሮውን ግን ይከፍሉ ነበር። የፍርድ ቤት መልእክተኛ ሊያስወጣ ሲመጣ አንዷ ደወል ትደውላለች፤ የጎረቤት ሴቶች ደረጃውን ሞልተው ዱቄት እየወረወሩ ይመልሱታል። ኅዳር ላይ 20 ሺህ ያህል ቤተሰብ በአድማው ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የብሪታንያ ፓርላማ የትናንሽ ቤቶች ኪራይ ከጦርነቱ መጀመሪያ መጠን በላይ እንዳይጨምር ሕግ አወጣ።

ዱቄት እንወርውር ማለታችን አይደለም፤ ዱቄቱ ለእንጀራ ያስፈልገናል። የወሰድነው ትምህርት ሌላ ነው። እነዚያ ሴቶች ያሸነፉት የአንዷ መባረር የሁሉም ጉዳይ እንዲሆን ስላደረጉ ነው። ለብቻዋ የቆመች ተከራይ ደግ ቃል ትለምናለች፤ አብረው የቆሙ ተከራዮች ግን ሕግ ይጠይቃሉ።

አሁን ያለው ሕግና የእኛ ድርሻ

በአገራችንም ሕጉ እንደገና ወደ ተከራይ ፊቱን መልሷል። በሚያዝያ 2012 ኮሮና ሲገባ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ጊዜያዊ ቢሆንም እንደሚቻል አሳየ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ እናስቀምጥ፦

ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በሚመለከተው አካል ዘንድም ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን ሳያልፍ ነው። ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈላል።

አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሕጉ ጀሞ ያለችውን እህታችንን አግኝቶ መንገድ ተሻግሮ ፉሪ ያለችውን እንዳያልፋት የወረዳችንን ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት የእኛ ሥራ ነው።

ታሪኩ ያስተማረን አንድ ነገር ይህ ነው። በ1967 ኪራይ ተቀነሰ፤ መዝገብ ላይ የነበረችው ተጠቀመች። በ1997 ዕጣ መጣ፤ የተመዘገበችው ደረሳት። ሰፈር ሲፈርስ መዝገብ ላይ ያልነበረችው ባዶ እጇን ወጣች። በየዘመኑ ያዳነውም የጣለውም ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን ግን እስካሁን ያለ ውል ተቀምጠናል። «ውል ጠየቀች ብለው እንዳያስወጡኝ» ብለን እንፈራለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ ይቀርባል። አንደኛ፣ ውል የምትፈራረም አባል ብቻዋን አትሄድም። አንዲት የሥራ አስፈጻሚ አባልና ኦሮምኛ ማንበብ የምትችል አንዲት እህት አብረዋት ይሄዳሉ። የአካባቢያችን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ያላነበብነውን አንፈርምም። ሁለተኛ፣ አከራይ አባሎቻችን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ምጣድ ለምትጠቀም ተከራይ የተለየ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት። የፈጀችውን ትክፈል፤ እንጀራዋም አይከልከል። ሦስተኛ፣ የሁለት ወር ቅድሚያ የምትበደርበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ማቋቋም፤ ቤት ለመግባት አራጣ አበዳሪ ደጅ የምትቆም አባል እንዳትኖር።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ቤት ሥሩልን አንላችሁም። የሦስተኛው ሐሳብ መነሻ ገንዘብ ግማሹ ከወርኃዊ መዋጯችን እንዲወጣ ለጉባኤው እናቀርባለን፤ ግማሹን ብትሞሉልን ገንዘቡ ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረ ይኖራል።

ምጣድ የተከለከለችው አባላችን አሁን ባለችበት ቤት የሁለት ዓመት ውል ለመጠየቅ ወስናለች። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን አብረናት እንሄዳለን። አከራይዋ ምን እንደሚሉ አናውቅም። ዶሮ የከለከሉ ሴትዮ ናቸውና ቀላል አይሆንም። ግን ቡናቸውን አፍልተን፣ ንዑስ ቆጣሪውን የምንገዛው እኛ መሆናችንን ነግረን እንጀምራለን። ከተስማሙ በሚቀጥለው ወር እዚያው ቤት እንሰበሰባለን፤ ከደጃፉም ስንደርስ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፤ እርሷም በሙሉ አፏ ትመልስልናለች።